ሎጌዮን፦ ብርቅ የላቲን ስም ሲገጥም

ሎጌዮን የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በነፃ ያቀረበው ድረ ገጽ ነው፤ ብዙ የላቲንና የግሪክ መዝገበ ቃላትን በአንድ ገጽ ሰብስቦ ያሳያል። የዲልማንን የ1865 የግእዝና ላቲን መዝገበ ቃላት የሚያገላብጥ የግእዝ ተማሪ ሊኖረው የሚገባ መሣሪያ ነው። አቅሙን ለመለካት ግን እንደ «ዶሎ» ያለ እምብዛም የማይገኝ ስም ይፈለግ።

ችግሩ ከፍለጋው ይጀምራል። «ዶሎ» ሲጻፍ «እጠርባለሁ» የሚል ግሥም፣ «ዶሉስ» ከሚለው ስም የረባ «በተንኮል» የሚል ቃልም፣ ራሱን የቻለ ስምም ነው። የተቻኮለ አንባቢ መጀመሪያ ያየውን ይዞ ይሄዳል። ስሙን የሚለየው አገናዛቢው «ዶሎኒስ» ነው፤ ሎጌዮን ውስጥ ባለው በ1879ኙ የሉዊስና ሾርት የላቲንና እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ግሡ ስለሚቀድም ወደ ታች መውረድ ያስፈልጋል።

እዚያ ሲደረስ ሀብቱ ይወጣል፦ ጫፉ ብረት የሆነ ዘንግ፣ ስለት የተደበቀበት በትር፣ የመርከብ ትንሽ የፊት ሸራ፣ የዝንብ መናደፊያ። ሸራው ከሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ከሊቪዩስ 36ኛ መጽሐፍ የባሕር ውጊያ፣ መናደፊያው በቅሎን ከምታስፈራራው የተረት ጸሐፊው የፌድሩስ ዝንብ የመጡ ናቸው። ከእነዚህ መምረጥ የአንባቢው ሥራ ነው። የቄሣሮችን ታሪክ የጻፈው ስዌቶኒዩስ የሮሙን ንጉሠ ነገሥት ቀላውዴዎስን ለመግደል አደባባይ ላይ አድፍጠው የተያዙ ሁለት ሰዎች ዶሎና የአዳኝ ቢላዋ እንደያዙ ጽፏል፤ ረጅም ጦር ይዞ ማድፈጥ ስለማይቻል እዚህ የሚስማማው በበትር የተደበቀው ስለት ነው። የጥንቱ የላቲን ግጥም አብራሪ ሰርቪዩስም ስሙን ከማታለል ያመጣዋል፤ ላዩ እንጨት፣ ውስጡ ብረት ነውና።

ጥቅሱን ሳይከፍቱ ትርጉሙን ብቻ መውሰድ ትልቁ ስሕተት ነው። አኅጽሮቶቹም ያሳስታሉ፦ «ኢድ.» ያው ደራሲ፣ «ኢብ.» ያው መጽሐፍ፣ «አፕ.» ደግሞ በሌላ ደራሲ ውስጥ ተጠቅሶ የተረፈ ማለት ነው። «ቫሮ አፕ. ሰርቪዩስ» የሚለውን፣ ማለትም በሰርቪዩስ ውስጥ የተጠቀሰውን የሮማዊውን ሊቅ የቫሮን ቃል፣ በቫሮ መጻሕፍት ውስጥ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

በጎን የሚታየውን የድግግሞሽ ቁጥርና ምሳሌ ለእንዲህ ያለ ቃል አትመኑት። የቃላቱን ሥር የሚለየው በአብዛኛው ማሽን ስለሆነ የ«ዶሉስ» ምሳሌ ከስሙ ጋር ሊቀላቀል ይችላል። የኦክስፎርድ የላቲን መዝገበ ቃላትም እዚህ አይገኝም። ከዚህ በላይ ለሚፈልግ፣ በ1894 የተጀመረው የሙኒኩ ታላቅ የላቲን መዝገበ ቃላት በ«ዲ» (D) የሚጀምሩትን ቃላት ክፍል ጨርሷል፤ የባቫሪያ አካዳሚም በፒዲኤፍ በነፃ አውጥቶታል። ማብራሪያው ሁሉ በላቲን ስለሆነ ግን ለጀማሪ ይከብዳል።