ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ላልተለዩኝ ሲስተር የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

የጨጓራ ማሳነሻ ቀዶ ሕክምና ካደረግሁ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በእነዚህ ዓመታት ውለታቸው ያለብኝ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ግን ስለ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሳቸውም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለውን ክትትል የሚመሩት ነርስ ናቸው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጠራ ስላሳሰቡኝ፣ ሁላችንም ታካሚዎቻቸው እንደምንጠራቸው «ሲስተር» እላቸዋለሁ። ከምስጋናዬ ጋር አንድ ጥቆማም አለኝ፦ ይህን ሕክምና ያደረጋችሁ ወይም ለማድረግ የምታስቡ ሁሉ እንደ እሳቸው ያለ ሰው ከጎናችሁ ሳይኖር አትጀምሩት።

ቀዶ ሐኪሜ ሥራቸውን በሚገባ ሠርተዋል። የተደረገልኝ ስሊቭ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ከጨጓራው 80 በመቶ ያህሉ ተቆርጦ ይወጣና የቀረው እንደ ጠባብ ቱቦ ይሆናል። ረኀብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለው ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ከሚወጣው ክፍል ስለሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ረኀብ የሚባል ነገር አልነበረብኝም ማለት ይቻላል። ኪሎዬ በየሳምንቱ ይወርዳል፣ ልብሴ ይሰፋል፣ ያየኝ ሁሉ ያደንቃል። በዚያን ጊዜ ብርታት ከየት ላምጣ ብዬ አልተጨነቅሁም፤ ሚዛኑ ራሱ ያበረታኝ ነበርና። አብዛኛው ክብደት የሚቀንሰው በመጀመሪያዎቹ 12 እስከ 18 ወራት እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ረኀቡ ቀስ በቀስ እንደሚመለስና አድናቂውም እንደሚለምደው ግን ልብ አላልኩም።

ሲስተርን በቅጡ ያወቅኋቸው በአራተኛው ወር ነው። አንድ ቀን ጠዋት ጸጉሬን ሳበጥር በማበጠሪያው ላይ የቀረውን ጸጉር አይቼ በድንጋጤ ደወልኩላቸው። ሰውነት በፍጥነት ሲከሳ ጸጉር መርገፉ የተለመደ መሆኑን፣ ብዙውን ጊዜም ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ድረስ እንደሚታይና ተመልሶ እንደሚበቅል በእርጋታ ነገሩኝ። በዚህ አላበቁም። በቀን ስንት ግራም ፕሮቲን እንደምወስድ ጠየቁኝ፤ አላውቅም አልኩ። «እንግዲያው አሁን አብረን እንቁጠር» ብለው የትናንቱን ምግቤን አንድ በአንድ አስቆጠሩኝ። ቢያንስ 60 ግራም መድረስ ሲኖርብኝ ግማሹን እንኳ አልሞላሁም ነበር። በቀጠሮዬ ቀን ደግሞ ያዘዙልኝን የብረት ክኒንና ካልሲየሙን አንድ ላይ እንደምውጣቸው የደረሱበት እሳቸው ናቸው። ካልሲየም ብረት በሚገባ እንዳይመጠጥ ስለሚያደርግ፣ በሁለቱ መካከል ቢያንስ ሁለት ሰዓት መኖር አለበት። ይህ በተሰጠኝ ወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር፤ ወረቀቱን ግን በመሳቢያ ውስጥ ከከተትኩት በኋላ አላነበብኩትም።

ይህን ሁሉ አንድ ጎበዝ ባለሙያ ሊያደርገው ይችላል። እንድጽፍ ያነሣሣኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

በሃያኛው ወር ላይ ሰባት ኪሎ ጨምሬ ነበር። ሚዛን ላይ መውጣት ተውኩ፤ ቀጥሎም ቀጠሮዬን ተውኩ። ቀዶ ሕክምናውን ያደረግሁ ሰሞን «ቀላሉን መንገድ መረጠች» እያሉ ያሙኝ የነበሩ ዘመዶቼ ትክክል ነበሩ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ፤ የሰውነቴን ክፍል አስቆርጬ እንኳ ያልተሳካልኝ ሰው፣ ከእንግዲህ ምን ሊረዳኝ ይችላል የሚል ሐሳብ ሌሊት ሌሊት ያስጨንቀኝ ነበር። በዚህ ስሜት ውስጥ ያለ ሰው ስልክ አንሥቶ እርዱኝ አይልም። ስለዚህም ነው «ችግር ካጋጠመሽ ደውይ» የሚለው መመሪያ አይበቃም የምለው።

ሁለተኛውን ቀጠሮ በቀረሁ ማግስት ሲስተር ራሳቸው ደወሉ። ለመቅረቴ ሰበብ መደርደር ስጀምር አቋረጡኝ። «ልጄ፣ ለምን ቀረሽ አላልኩሽም፤ ኪሎሽንም አልጠየቅሁሽም። ትናንት ማታ ምን በላሽ?» አሉኝ። እራቴን ተናገርኩ። «ከእራት በኋላስ?» አሉ። ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም ብለው ጠበቁኝ። በመጨረሻ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ፣ ልጆቹ ተኝተው ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ብስኩት በሻይ እየነከርኩ አንድ ሙሉ ፓኬት እንደምጨርስ ነገርኳቸው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር።

አልተቆጡኝም፤ አይዞሽ ብለውም አላለፉኝም። እንደ ሥጋና እንቁላል ያለ ምግብ በጠባቡ ጨጓራ ውስጥ ስለሚቆይ ቶሎ እንደሚያጠግብ፣ በሻይ የራሰ ብስኩት ግን ሳይገደብ እንደሚያልፍ፣ ከምግብ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ምንም አትጠጡ የሚሉንም ከዚሁ ጋር የተያያዘ መሆኑን አስረዱኝ። የወደቅሁት ሰነፍ ስለሆንኩ ሳይሆን ጨጓራዬ ሊያስቆመው የማይችለውን ምግብ ስለመረጥኩ መሆኑን ስሰማ፣ ለወራት ከተሸከምኩት እፍረት ከፊሉ የዚያኑ ዕለት ወረደልኝ። ከዚያም ብስኩቱን ከመከልከል ይልቅ በዚያው ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ በትንሽ ሳህን እርጎ እንድበላ፣ ሁልጊዜ ማታም የዕለቱን ፕሮቲን በግራም ቆጥሬ ቁጥሩን ብቻ በስልክ መልእክት እንድልክላቸው ተስማማን።

ላክሁ። «54» ብዬ ስጽፍ «አየሁት» ብለው ይመልሳሉ። «71» ስልም «አየሁት»። አንድ ቀን «31፣ ብስኩትም በልቻለሁ» ብዬ ስጽፍ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ መልሱ ያው «አየሁት» ነበር። ለስድስት ሳምንታት አንድም ምሽት አልዘለሉም። ሌላ ሰው ይህን እንደ ትንሽ ነገር ሊቆጥረው ይችላል፤ እኔ ግን ያለ ምስጋናና ያለ ወቀሳ በየቀኑ የሚያየኝ ሰው መኖሩ፣ ከሰማኋቸው የማበረታቻ ንግግሮች ሁሉ የበለጠ አቁሞኛል። ከጨመርኩት ሰባት ኪሎ አምስቱ በአምስት ወር ውስጥ ወረደ። ሁለቱ እስካሁን አሉ፤ ከዝቅተኛው ክብደት ትንሽ መመለስ በብዙዎች ላይ የሚደርስ መሆኑን ሲስተር ስላስረዱኝ አልታገላቸውም።

ሲስተር በየወሩ የሚያሰባስቡትን የታካሚዎች ስብሰባም ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። አሥር አሥራ አምስት ሰው ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፤ እሳቸው ከበሩ አጠገብ ሆነው ያዳምጣሉ እንጂ ብዙ አይናገሩም። ጣልቃ የሚገቡት ሰው ሊጎዳ የሚችል ነገር ሲሰሙ ነው። አንድ ጊዜ ባይፓስ የተባለው፣ ጨጓራ ከአንጀት ጋር የሚገጣጠምበት ሌላ ዓይነት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው አንድ አባት ለጉልበታቸው ሕመም አይቡፕሮፌን እንደሚወስዱ ሲናገሩ፣ መድኃኒቱ ጨጓራውና አንጀቱ በተገጣጠሙበት ቦታ ላይ ቁስለት ሊያመጣ እንደሚችል ነግረዋቸው ስብሰባው እንዳለቀ ራሳቸው ወደ ሐኪም ወሰዷቸው። ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ በዚያ ክብ ውስጥ ቀዶ ሕክምናውን ካደረገች ሰባት ዓመት የሞላት ሴት መኖሯ ነው። የመጀመሪያው ዓመት የደስታ ወሬ በየቦታው ይገኛል፤ በሰባተኛው ዓመት ኑሮ ምን እንደሚመስል የሚነግር ሰው ግን ማግኘት ከባድ ነው።

ሲስተር ልካቸውንም ያውቃሉ። ከመካከላችን አንዷ በመብላት ያስታገሠችው ኀዘን እንደተመለሰባት ስትናገር፣ «ይህ ከእኔ ሙያ በላይ ነው» ብለው ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር አገናኟት፤ ከዚያም መሄድ አለመሄዷን ደውለው አረጋገጡ።

ስለዚህ ለቀዶ ሕክምና የምትዘጋጁ ሁሉ፣ ስለ ቀዶ ሐኪሙ ከምትጠይቁት እኩል ይህንንም ጠይቁ፦ ከአንድ ዓመት በኋላ የሚከታተለኝ ማን ነው? በቀጠሮዬ ብቀር የሚደውልልኝ ሰው አለ? የቫይታሚን ቢ12፣ የብረትና የቫይታሚን ዲ መጠን የሚታይበት የደም ምርመራ በየዓመቱ ይደረግልኛል ወይ? እኔ መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ ለዚህ ጥያቄ የሰጠኝ መልስ «ካመመሽ ትመጫለሽ» የሚል ነበር። ያን ቦታ ትቼ ሲስተር ወደሚሠሩበት በመምጣቴ ዛሬም አመሰግናለሁ።

ክትትላቸውን ለሚፈልግ ሰው ፈቃዳቸውን ጠይቄ በደስታ አገናኛለሁ። ያቋረጣችሁም ብትሆኑ ኑ፤ እንዳየሁት ተመልሶ የመጣን ሰው የት ነበርክ ብለው አይጠይቁም።

ሲስተር፣ የዓመቱ የደም ምርመራዬ በሚቀጥለው ወር ነው፤ አልቀርም። የትናንቱ 66 ነበር። ስላደረጉልኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ።