አቫያ አይፒ ኦፊስ 500 ቪ2፦ ዋናው ሳጥንና ማስፋፊያዎቹ ከዘጠኝ ወር አገልግሎት በኋላ

አይፒ ኦፊስ የቢሮ ስልኮችን እርስ በርስና ከውጭ መስመሮች ጋር የሚያገናኝ የስልክ ማዞሪያ ነው። ስብስቡ ይህ ነው፦ አንድ ዋና ሳጥን፣ ለቢሮ ስልኮች ሁለት ባለ 30 ወደብ ዲጂታል ሞጁል (ማስፋፊያ ሳጥን)፣ ለውጭ መስመሮች አንድ ባለ 16 አናሎግ ሞጁል፣ ከግቢው ማዶ ደግሞ ስልክ የሚፈልግ መጋዘን። ዕቃው ጠንካራ ነው። በዘጠኝ ወር ውስጥ የታዩት ችግሮች ሁሉ ምንጫቸው ገጠማው ላይ ነበር፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ኤሌክትሪኩ ላይ።

ከገመዱ እንጀምር። ከዋናው ሳጥን ጀርባ ስምንት የማስፋፊያ ወደቦች አሉ። እያንዳንዱ ሞጁል 1 ሜትር የሆነ ሰማያዊ ገመድ ይዞ ይመጣል። ጫፉ የኔትወርክ ገመድ ስለሚመስል «ያው ካት 5 (ተራ የኔትወርክ ገመድ) አይደል?» ብሎ ረዥም ገመድ ላይ ጫፍ ገጥሞ (ክሪምፕ አድርጎ) ሞጁሉን ሌላ ክፍል ማስቀመጥ የሚያምራቸው ቴክኒሻኖች አሉ። ይህ ግንኙነት ኢተርኔት አይደለም፤ በስዊች አያልፍም፣ አይራዘምም። ከስምንት ሞጁል በላይ ከተፈለገ በዋናው ሳጥን ፊት በቀኝ ጫፍ ያለው 4ኛው ስሎት (የካርድ ማስገቢያ) ባለ አራት ወደብ ካርድ ይቀበላል፤ ጠቅላላው 12 ይደርሳል። 2 ሜትር የሆነው ቢጫ ገመድ ለዚያ ካርድ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁሉም አንድ ራክ (የዕቃ መደርደሪያ ሳጥን) ውስጥ ይገባል፤ ሌላ ምርጫ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሞጁሎቹ ኤሌክትሪክ የሚያገኙት ከዋናው ሳጥን አይደለም፤ እያንዳንዱ የራሱ አዳፕተር አለው። ዋናው ሳጥን ሲነሳ በየወደቡ ምን እንደተሰካ ይቆጥራል። በዚያች ሰዓት ያልበራ ሞጁል ከቆጠራው ይቀራል። ዋናው ሳጥን በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ በሚያሠራ መሣሪያ)፣ አንዱ ሞጁል ደግሞ በግድግዳ ሶኬት ላይ ከሆነ ውጤቱ የታወቀ ነው፦ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ አንዱ ፎቅ ይናገራል፣ ሌላው ፎቅ ላይ ሠላሳ ስልክ ዝም ይላል። ገመድ መነቃቀል ከመጀመሩ በፊት የሞጁሉን መብራት ማየት ይሻላል። አረንጓዴ ከሆነ ደህና ነው፤ ቀይ እያለ ብልጭ ድርግም ካለ ገና እየተነሳ ነው፤ ቀይ ሆኖ ከቆመ ስህተት አለ። መፍትሔው ሞጁሎቹ መብራታቸውን አረጋግጦ ዋናውን ሳጥን ከማኔጀር ሶፍትዌሩ (ሲስተሙ በኮምፒውተር ከሚስተካከልበት ፕሮግራም) ሪቡት ማድረግ ነው። ሶኬት መንቀል አይመከርም፤ ኤስዲ ካርዱ ላይ ያለው መረጃ ሊበላሽ ይችላል።

ዘላቂው መላ ርካሽ ነው፦ ዋናውን ሳጥንና ሞጁሎቹን ሁሉ በአንድ ዲቫይደር፣ ዲቫይደሩን በአንድ ዩፒኤስ። አብረው ይጠፋሉ፣ አብረው ይነሳሉ። ዩፒኤሱ ሲመረጥ በየአዳፕተሩ ላይ የተጻፈው ዋት ይደመር፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ የሚፈጀው ጊዜም ይታሰብ።

ገመዶቹ ላይ ቁጥር ይለጠፍ። የስልኮቹ ምዝገባ ከወደቡ ጋር የተያያዘ ነው። ለጽዳት ተነቅሎ 2ኛው ሞጁል በ3ኛው ወደብ ላይ ቢሰካ ሲስተሙ አዲስ ዕቃ የመጣ ይመስለዋል፣ የኤክስቴንሽን (የውስጥ ስልክ) ቁጥሮቹም ይዘበራረቃሉ። ሞጁል ሲጨመርም ሲስተሙን በሥርዓቱ አጥፍቶ ነው።

መጋዘኑስ? ሁለት መንገድ አለ። የስልኮቹ ቁጥር ከአሥር ካልበለጠ ሞጁሉ ራክ ውስጥ ይቆይና የስልኮቹ ጥንድ ሽቦ ይዘርጋ። ዲጂታል ስልክ በ0.5 ሚሊሜትር ሽቦ እስከ 1,000 ሜትር ይሄዳል። ግን ከሕንፃ ወደ ሕንፃ የሚያልፍ መዳብ መብረቅ ይጋብዛል፤ በሁለቱም ጫፍ የመብረቅ መከላከያ ካልተገጠመ የአንድ ክረምት ነጎድጓድ ሙሉ ሞጁል ይዞ ሊሄድ ይችላል። በመከላከያው መቆጠብ ሞኝነት ነው።

ስልኮቹ ብዙ ከሆኑ መጋዘኑ የራሱ ዋና ሳጥን ይኑረውና ሁለቱ በኔትወርክ ይገናኙ። በሕንፃዎቹ መካከል ፋይበር ቢዘረጋ በመስመሩ የሚመጣው የመብረቅ ሥጋትም ይወገዳል። አንዱ ሳጥን ቢሞት ሌላው የውስጥ ጥሪውን ይቀጥላል። ሒሳቡ ግን ቀላል አይደለም፦ በሁለቱም በኩል የድምፅ ማቀነባበሪያ ቻናልና የኔትወርክ ላይሰንስ ያስፈልጋል፤ የኤክስቴንሽን ቁጥሮች መደጋገም የለባቸውም። አንድ ጥሪ በጂ.711 (ድምፅን ወደ ዲጂታል ከሚቀይሩት ዘዴዎች አንዱ) በእያንዳንዱ አቅጣጫ 87 ኪሎቢት በሰከንድ ገደማ ይወስዳል፣ ድምፁን ይበልጥ በሚጨምቀው በጂ.729 ደግሞ 31 ገደማ። መጋዘኑ ከተማው ሌላ ጫፍ ከሆነና በኢንተርኔት ከተገናኘ ግንኙነቱ በናት (NAT፣ ራውተሩ የውስጥ አድራሻዎችን በሚቀይርበት ዘዴ) አያልፍም፤ ቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ የሚዘረጋ የግል መስመር) ግድ ነው፣ በፋየርዎሉም ላይ ሁለቱ ሳጥኖች የሚነጋገሩበት ዩዲፒ ወደብ 50795 ክፍት ይሁን። «እሰማሃለሁ፣ እሱ ግን አይሰማኝም» የሚል አቤቱታ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው የመመለሻው ሩት (ድምፁ በኔትወርኩ የሚመለስበት መንገድ) ነው።

የአናሎግ ሞጁሉ ጀርባ ላይ የኧርዝ ብሎን አለ። አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ በቀጥታ ወደ ሕንፃው ኧርዝ ይሂድ፤ የራኩን ብረት ማመን አይበቃም። እዚያው ጎን ፒኤፍ1 እና ፒኤፍ2 የሚባሉ ሁለት ወደቦች አሉ፤ ብዙ ሰው ባዶ ይተዋቸዋል። ኤሌክትሪክ ሙሉ በሙሉ ሲቋረጥ ሁለት የውጭ መስመሮች በቀጥታ ወደነዚህ ይዞራሉ። አንዱ ላይ ተራ አናሎግ ስልክ ሰክቶ ጥበቃ ክፍል ማስቀመጥ ነው። በሰላሙ ጊዜ ድምፅ ስለማይሰጥ «ተበላሽቷል» ብለው እንዳይነቅሉት ላዩ ላይ ወረቀት ይለጠፍበት፤ ቅዳሜ ከሰዓት ሲስተሙን አጥፍቶ ድምፅ መስጠቱን መሞከር አምስት ደቂቃም አይፈጅም።