ሊኑክስና ፍሪቢኤስዲ፦ ማን ቀደመ? ለምን?

ሁለቱም ኮምፒውተርን የሚያንቀሳቅሱ ሥርዓተ ክወናዎች (ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች) ናቸው። ነፃ ናቸው፤ ኮዳቸውም ክፍት ነው። አነሳሳቸው ግን ለየቅል ነው።

ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሄልሲንኪ ውስጥ አንድ ተማሪ የጀመረው ሥራ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ ያኔ ገና 21 ዓመቱ ነበር። ሲያስተዋውቀው እንኳ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው፣ ትልቅ ነገር አይሆንም ብሎ ነበር።

ፍሪቢኤስዲ ደግሞ የትልቅ ቤት ልጅ ነው። ሥሩ የአሜሪካው ስልክ ኩባንያ ኤቲ ኤንድ ቲ የፈጠረው፣ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲም ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያዳበረው ዩኒክስ የተባለ ሥርዓተ ክወና ነው። በብስለት ቢሆን ኖሮ መቅደም የነበረበት እሱ ነው። ምን ያደርጋል፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ገባ። በ1992 የኤቲ ኤንድ ቲ ቅርንጫፍ የበርክሌይን ኮድ የሚሸጥ ኩባንያ ከሰሰ፤ ዩኒቨርሲቲውም አልቀረለትም። ክሱ በ1994 በስምምነት ሲያልቅ፣ ከ18,000 ገደማ ፋይሎች እንዲወጡ የተደረጉት 3 ብቻ ነበሩ። ለ3 ፋይል ሁለት ዓመት! እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በዚያ መሀል ሰዉ ወደ ሊኑክስ አዘነበለ።

ፈቃዳቸውም ይለያያል። ሊኑክስን አሻሽለህ ካከፋፈልክ ኮዱንም መስጠት ግዴታህ ነው። በዚህ እኔ የሊኑክስ ወገን ነኝ። ፍሪቢኤስዲ ግን የባለመብቶቹን ስም አትፋቅ እንጂ ያሻሻልከውን ዘግተህ ሽጠው ይላል። የሶኒ ጌም ማጫወቻ የፕሌይስቴሽን 4 ሥርዓተ ክወና የተሠራው በእሱ ላይ ነው።