ጋሬት፣ ኖክታ ወይስ ማይንላብ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ጀማሪ የሜታል ዲቴክተር ንጽጽር

«ወርቅ ነው የምትፈልገው?» ደሴ ውስጥ ሜታል ዲቴክተር፣ አፈር ውስጥ ያለ ብረታ ብረት የሚፈልግ መሣሪያ፣ ይዤ ስወጣ ሁሌ የምጠየቀው ይህ ነው። ቀጥሎ የሚነሳው ደግሞ ጣሊያን ቀብሮት ሄደ የሚባለው ሀብት ነው። እኔ የምፈልገው ግን የጠፋ ቀለበት፣ የወደቀ ቁልፍ፣ ሰው ጓሮ ውስጥ አፈር የለበሰ የድሮ ሳንቲም ነው። በእረፍት ቀኔ ሁለት ሰዓት ያህል ቀስ እያልኩ እየሄድኩ አፈር አዳምጣለሁ። ከዚህ የበለጠ አእምሮዬን የሚያሳርፍ ነገር አላገኘሁም።

እንደ እኔ ለመዝናኛ መጀመር ፈልጋችሁ የትኛውን ልግዛ ብላችሁ ከተቸገራችሁ፣ ሦስት ማሽኖችን ላወዳድርላችሁ። የአሜሪካው ጋሬት ኤስ 300፣ የቱርኩ ኖክታ ሲምፕሌክስ ፕላስ እና የአውስትራሊያው ማይንላብ ቫንኩዊሽ 440። ሦስቱም ለጀማሪ ታስበው የተሠሩ ናቸው። በውጭ ገበያ ዋጋቸው በግምት ከ200 እስከ 350 ዶላር ይደርሳል። የማጓጓዣውንና የቀረጡን ሒሳብ እናንተ ጨምሩበት። ከውጭ የምታስመጡ ከሆነም ከመክፈላችሁ በፊት ጉምሩክን ጠይቁ።

ሻጮች መጀመሪያ የሚነግሯችሁ ጥልቀት ነው። «አንድ ሜትር ያያል፣ ሁለት ሜትር ያያል» ይላሉ። እውነቱን ለመናገር የዚህ ክፍል ማሽን አንድ ሳንቲም የሚያገኘው ከ15 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ድረስ ነው። በዚህ ሦስቱም ተቀራራቢ ናቸው። እኛ አገር የሚለያያቸው አፈሩ ነው።

ደሴን ከላይ የሚያያት ጦሳ፣ ወደ ኮምቦልቻ የምንወርድበት ሐረጎ፣ ሁሉም ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ጥቁር ድንጋይ ነው። ባዝልት ይባላል፣ ብረት አዘል ነው። ማግኔት በክር አስራችሁ ወንዝ ዳር ባለ ጥቁር አሸዋ ላይ ጎትቱት። እንደ ፀጉር የቆመ ጥቁር ብናኝ ይለጠፍበታል። ማሽኑን የሚያስለፈልፈው እሱ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከታች ያለው ክብ ራስ፣ ኮይል የሚባለው፣ ወደ መሬት መግነጢሳዊ ሞገድ ይልካል። ማንኛውም ብረታ ብረት ካለ በውስጡ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጠርና መልስ ይሰጣል። ማሽኑ ያንን መልስ ወደ ድምፅና ቁጥር ይለውጠዋል። ብረት የበዛበት አፈር ግን ራሱ መልስ ይሰጣል። ስለዚህ ማሽኑን «ይህ አፈር ነው፣ ተወው» ብሎ ማስለመድ ያስፈልጋል። ግራውንድ ባላንስ የሚባለው ይህ ነው። ሦስቱ ማሽኖች በዋናነት የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው።

ጋሬት ኤስ 300 ለመልመድ ከሁሉም ይቀላል። ታበሩታላችሁ፣ ትሄዳላችሁ። በ8 ኪሎ ኸርዝ ፍሪኩዌንሲ (የሚልከው ሞገድ የንዝረት ፍጥነት ነው) ይሠራል፣ ያገኘውን ከ0 እስከ 99 ባለው ቁጥር ያሳያል። ለብረት ወፍራም ድምፅ፣ ለብርና ለመዳብ እንደ ደወል ያለ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። አራት ደብል ኤ ድንጋይ ነው የሚበላው፣ እሱም ከየትኛውም ሱቅ ይገኛል። ግራውንድ ባላንሱ ግን ፋብሪካ ላይ የተሞላ ነው፣ እናንተ አትነኩትም። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ባለ የእርሻ አፈር ጸጥ ብሎ ይሠራል። ጦሳ ግርጌ ስወስደው ግን ባዶ መሬት ላይ ይጮሃል። ለማስታገስ የስሜት መጠኑን ዝቅ ማድረግ አለባችሁ፣ ያኔ ጥልቀቱ ይቀንሳል።

እንዲያም ሆኖ የመጀመሪያ ደስታዬን የሰጠኝ እሱ ነው። አክስቴ ጓሮዋን ስትኮተኩት ሎቲዋ ወልቆ ጠፋባት። ሁለት ቀን አፈሩን በወንፊት ሲነፉ ከርመው ነበር። ኤስ 300 ተውሼ ሄድኩ። ጓሮው የሚስማርና የቆርቆሮ ቁርጥራጭ ሞልቶታል፣ ያ ወፍራም ድምፅ አያቋርጥም። ጌሾው ሥር ስደርስ ድምፁ ተለወጠ። ቁጥሩ 40ዎቹ ውስጥ ይዋልላል። በመኮትኮቻ ቀስ ብዬ አነሳሁት። የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት! ተስፋ ልቆርጥ ነበር። አንድ ስንዝር ፈቀቅ ስል ያው ድምፅ፣ ያው ቁጥር። በጣቴ አፈሩን ስፈረፍር ጭቃ የለበሰው ሎቲ ብቅ አለ። አክስቴ እልልታዋን አቀለጠችው። «እድሜ ይስጥህ የኔ ልጅ» እያለች ሎቲውን በነጠላዋ ጫፍ ስትወለውለው አሁንም ይታየኛል።

ከዚህ የተማርኩት አንድ ነገር አለ። ትንሽ ወርቅና ብልጭልጭ ወረቀት አንድ ዓይነት ቁጥር ይሰጣሉ። በዚህ ዋጋ ያለ የትኛውም ማሽን አይለያቸውም። ወርቁን የፈለገ ወረቀቱንም ይቆፍራል። ቆርኪም እንዲሁ ሦስቱንም ያሳስታል። ኮምቦልቻ ደግሞ ቢራ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ናት፣ ቆርኪ የትም አይጠፋም።

ኖክታ ሲምፕሌክስ ፕላስ ላይ ግራውንድ ባላንሱ በእጃችሁ ነው። አንድ ቁልፍ ተጭናችሁ ኮይሉን ከመሬት ከፍ ዝቅ ታደርጋላችሁ። ጥቂት ሰከንድ ነው፣ አፈሩን ያውቀዋል። ጦሳ ግርጌ ያበደው ጩኸት ሲበርድ በጆሯችሁ ትሰማላችሁ። በ12 ኪሎ ኸርዝ ስለሚሠራ ለቀጭን ነገር ከጋሬቱ የተሻለ ስሜት አለው። ሙሉ ማሽኑ እስከ 3 ሜትር ውኃ ውስጥ ይገባል። ይህ ለሐይቅ ዳር ብቻ አይምሰላችሁ፣ የሐምሌ ዝናብ ድንገት ሲወርድ ያለ ጭንቀት ትመለሳላችሁ። ባትሪው ውስጡ ያለ ቻርጅ የሚደረግ ነው። መብራት በጠፋ ቀን በፓወር ባንክ ይሞላል። የሚከብደኝ ኮይሉ ነው። 11 ኢንች ስለሆነ ሚስማር በበዛበት የከተማ ጓሮ ሁለት ሦስት ነገር አንድ ላይ ይሰማና ይደባልቃል። ላይት፣ ቢቲ እና አልትራ የሚባሉ አዳዲስ ሲምፕሌክሶችም ወጥተዋል፣ ስትገዙ የትኛው እንደሆነ አረጋግጡ።

ማይንላብ ቫንኩዊሽ 440 በአንድ ጊዜ በብዙ ፍሪኩዌንሲ ይልካል። ስለዚህ አስቸጋሪ አፈርን ራሱ ያስተናግዳል። ግራውንድ ባላንስ የሚባል ሥራ የላችሁም። ሐረጎ አካባቢ ባለ አንድ የዘመድ ጓሮ ከሦስቱ ያልለፈለፈው እሱ ነበር። ኮይሉ 10 በ7 ኢንች ስለሆነ ቆሻሻ በበዛበት ቦታ ጥሩ ይለያል። እንደ ጋሬቱ በአራት ደብል ኤ ድንጋይ ይሠራል። ኮይሉ ውኃ ቢነካው ችግር የለም፣ ስክሪኑ ያለበት ክፍል ግን ዝናብ አይወድም። ፌስታል ያዙ።

የእኔ ምርጫ ለደሴ ሰው ሲምፕሌክስ ነው። ቫንኩዊሹ አፈሩን በጸጥታ ያስተካክለዋል፣ ሲምፕሌክሱ ግን ያስተምራችኋል። ግራውንድ ባላንስ በእጁ የለመደ ሰው ነገ የትኛውንም ማሽን ይይዛል። መነካካት የማይወድ፣ ወይም የከተማ ጓሮ ብቻ የሚፈልግ ሰው ቫንኩዊሹን ይግዛ፣ አይቆጭም። ጋሬቱን የምመክረው ኮምቦልቻ ሆኖ ከልጆቹ ጋር ለሚጀምር ሰው ነው።

አሁን ከማሽኑ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝን ልንገራችሁ። የእኛ መሬት የጦርነት መሬት ነው። ደሴ በኅዳር 1928 በጣሊያን አውሮፕላን ተደብድባለች። በሚያዝያ 1933 የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ጣሊያንን ከኮምቦልቻ በላይ ባለው መተላለፊያ ተዋግተው ነው ደሴ የገቡት። በጥቅምትና በኅዳር 2014 የሆነውን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። ያልፈነዳ ነገር አፈር ውስጥ ሊኖር ይችላል። ማሽናችሁ የማረሻን ብረት ከሞርታር አይለይም። «ብረት ካለ አልቆፍርም» ማለትም አይበቃም። የጥይት ቀለህና አንዳንድ የፈንጂ ክፍል ነሐስ ወይም አልሙኒየም ስለሆነ እንደ ሳንቲም ያለ ቆንጆ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል።

ስለዚህ ምሽግ የነበረበት ኮረብታ፣ ካምፕ የነበረበት ሜዳ፣ የመንገድ ዳር ገደል፣ እነዚህን አልነካም። የምፈልገው በሰው ጓሮ፣ ሁሌ በሚኮተኮት መሬት፣ ባለቤቱን አስፈቅጄ፣ «እዚህ ውጊያ ነበር ወይ?» ብዬ ጠይቄ ነው። ሰፊና ከባድ ድምፅ ሲሰማኝ ትቼው እሄዳለሁ። አጠራጣሪ ነገር ካያችሁ አትንኩት፣ በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ፣ ለፖሊስ ንገሩ። ልጆችን ደግሞ ቆፋሪ አታድርጓቸው። ማሽኑን ይያዙ፣ መኮትኮቻው እናንተ ጋ ይሁን።

ቅርስም አለ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግ አይቻልም፣ በአጋጣሚ የተገኘም ይነገራል። ጠገራ ብር፣ የሚኒልክ ብር፣ የጥንት መስቀል ብታገኙ ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ አሳውቁ። አይጠየፍ ግቢ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ የድሮ መቃብርና መስጊድ አካባቢ ማሽን ይዞ መሄድ የለም። ወርቅ ማውጣት ደግሞ የራሱ ፈቃድ ያለው ሌላ ሥራ ነው።

ሁለት አንቴና ያላት፣ «ከ500 ሜትር ላይ ወርቅ ትጠቁማለች» የምትባል ዕቃ ካቀረቡላችሁ አትግዙ። እንዲህ ያለ ቴክኖሎጂ የለም። ኤ.ዲ.ኢ. 651 የሚባለውን ተመሳሳይ ዕቃ ቦምብ ፈላጊ ነው ብሎ ለኢራቅ የሸጠው እንግሊዛዊ በ2013 እ.ኤ.አ. 10 ዓመት ተፈርዶበታል። ዕቃው የተወሰደው የጎልፍ ኳስ ትፈልጋለች ተብላ ከምትሸጥ መጫወቻ ነበር። የታወቁ ብራንዶችም በአስመሳይ ይሸጣሉ። ሴሪያል ቁጥሩን ከድርጅቱ ጋር ሳታረጋግጡ ገንዘብ አትላኩ።

ገንዘብ ከተረፋችሁ ፒንፖይንተር ጨምሩ። እንደ ባትሪ በእጅ የሚያዝ፣ ጉድጓድ ውስጥ ትክክለኛውን ቦታ የሚያሳይ ትንሽ መሣሪያ ነው። ያኔ ቢኖረኝ የአክስቴን ጓሮ ፍለጋ ግማሽ ሰዓት ባሳጠረልኝ ነበር።

ማሽኑ ሲደርሳችሁ ወዲያው አትውጡ። ጓሯችሁ ውስጥ ንጹሕ ቦታ ፈልጉ። 10 ሳንቲም፣ 50 ሳንቲም፣ አንድ ቆርኪና አንድ ሚስማር ለየብቻ በ5፣ በ10 እና በ15 ሴንቲ ሜትር ቅበሩ። ላያቸው ላይ የእንጨት ስንጥር ሰክታችሁ ምልክት አድርጉ። ማታ ማታ ለአንድ ሳምንት ኮይሉን ከመሬት ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጋችሁ፣ ሳትቸኩሉ፣ ከግራ ወደ ቀኝ አሳልፉባቸው። ቁጥሩን በደብተር ጻፉ። በአራተኛው ቀን ገደማ ስክሪኑን ሳታዩ ቆርኪውን ከ50 ሳንቲሙ በጆሯችሁ መለየት ትጀምራላችሁ።