«ዲስ ዋር ኦፍ ማይን»ን ከእህቴ ልጅ ጋር ሞከርነው

የእህቴ ልጅ 18 ዓመቱ ነው። ኮል ኦፍ ዱቲ የሚባለው የተኩስ ጌም ላይ ከተቀመጠ የሚያስነሳው የለም። የጠመንጃ ዓይነት ሲዘረዝርልኝ ግማሹን አላውቀውም፤ እኔ በውትድርና ዘመኔ ቃሬዛ ተሸካሚ ነበርኩ። አንድ ቀን ሆዱን የተመታ ጓዳችንን ለአራት ተሸክመን ሌሊቱን ሙሉ እንደተጓዝን ስነግረው፣ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ግንብ ጥግ ይዞ አረፍ አይልም ነበር?» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። የምሩን ነው።

አልፈረድኩበትም። ያ ጌም በፈረንጆቹ 2005 ከወጣው ሁለተኛው ክፍል ወዲህ በአብዛኛው እንዲህ ነው፤ ስትመታ ስክሪኑ ይቀላል፣ ጥግ ይዘህ ጥቂት ሰከንድ ከታገስክ ይሻልሃል። በኦንላይኑ ብትሞት እንኳ ወዲያው ትነሳለህ።

ሌላ ጌም ፈልጌ አመጣሁለት። ዲስ ዋር ኦፍ ማይን ይባላል። የፖላንዱ ኢሌቨን ቢት ስቱዲዮስ በ2014 ያወጣው ሲሆን፣ ከ1992 እስከ 1996 ተከባ ከቆየችው የቦስኒያ ከተማ ሳራዬቮ ታሪክ የተነሳ ነው። እዚህ ወታደር አይደለህም። በፈረሰ ቤት የተጠለሉ ሲቪሎችን ነው የምትመራው፤ አንዱ ኳስ ተጫዋች፣ አንዱ ምግብ አብሳይ፣ አንዷ ጋዜጠኛ። ቀን ስናይፐር ስላለ አትወጣም። ምድጃ ትሠራለህ፣ ታበስላለህ፣ ትተኛለህ። ሌሊት አንድ ሰው ብቻ ቦርሳውን ይዞ ፍለጋ ይወጣል።

ልጁ የታጠቁ ሰዎች ያሉበት ቤት እንደለመደው ሮጦ ገባ። ኳስ ተጫዋቹ ቆስሎ ተመለሰ። ፋሻ አልነበረም። በማግስቱ ባሰበት። «ጋሼ፣ መቼ ነው የሚሻለው?» አለኝ። ይህን ጥያቄ ቃሬዛ ላይ ከተኛ ሰው ነበር የምሰማው።

ከዚያ የሽማግሌዎቹ ቤት መጣ። ባልና ሚስት ናቸው፤ ምግብና መድኃኒት አላቸው፣ መሣሪያ የላቸውም። ልጁ ያላቸውን ሙልጭ አድርጎ ወሰደ። ጠዋት ቤት ያሉት ሰዎች አንገታቸውን ደፉ። እሱም ዝም አለ። ብዙ ግን አልቆየም፤ ጌሙ ሴቭ የሚያደርገው፣ ማለትም የደረስክበትን የሚመዘግበው፣ ጠዋት ጠዋት ብቻ መሆኑን ደረሰበት። ሌሊቱ ከከፋ ሳያልቅ ዘግቶ እንደገና ይጀምራል። ልጅ ዘዴ አያጣም! ለእኔ የጌሙ ትልቁ ቀዳዳ ይህ ነው።

ሌላም ቅር ያለኝ አለ። ቁስለኛው በጣም ዝምተኛ ነው። የእኛ ሰው እስኪነጋ ውሃ ሲለምን ነበር፤ ሆዱን የተመታ ሰው ደግሞ ውሃ አይሰጠውም። የሚነበበውም በዝቶብኛል፣ ፊደሉም ለእኔ ዓይን ደቃቃ ነው።

ቢሆንም ግዙት እላለሁ። በ2020 የፖላንድ መንግሥት ለተማሪዎች ከሚመከሩ ሥራዎች ውስጥ እንደሚያስገባው ማስታወቁ አልገረመኝም። ለትንንሽ ልጆች ግን አይሆንም።

ልጁ ትናንት ወደ ኮል ኦፍ ዱቲው ተመልሷል። ተመታ፣ ስክሪኑ ቀላ፣ ግንብ ጥግ ያዘ። እስኪሻለው ሲጠብቅ ወደ እኔ ዞር አለና፣ «ያ ሰውዬ ግን ሐኪም ጋ ደረሰ?» አለኝ።

አልደረሰም አልኩት።