ለጓሮ አረም፦ ባለ 450 ብሩ ወይስ ባለ 800ው?

ሰኔ በገባ ቁጥር ስልኬ ላይ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው። «መኮትኮቻ ልግዛ ወይስ መድኃኒት ልርጭ?» ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ያለችውን ጓሮዬን ያየ ሁሉ ይጠይቀኛል። ጥቅል ጎመኑና ቲማቲሙ ተሰልፎ፣ ዳር ዳሩን ጽጌረዳው ቆሞ ሲያዩ ባለሙያ እመስላቸዋለሁ። ባለሙያ አይደለሁም፤ ገንዘቤን አቃጥዬ የተማርኩ ነኝ። መልሴን አንዴ ልጻፈውና ልረፍ። ቀጥቃጭ ከመኪና ባሌስትራ የሠራውን መኮትኮቻ ግዙ።

ለምን እንደሆነ በብር ላስረዳ። ካቻምና አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ የሚያብረቀርቅ መኮትኮቻ ከሱቅ በ450 ብር ገዛሁ። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው ወንድሜ፣ የውጭ ነው» አለኝ። የጓሮዬ አፈር ዋልካ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ ጥቁር ድንጋይ አለ። በሦስተኛው ቀን አንገቱ ታጠፈ። በመዶሻ ባቀናው ተሰነጠቀ። ብየዳ ቤት 100 ብር። በሳምንቱ ከብየዳው ጎን ተሰበረ። ደግሞ 150 ብር። ደምሩት፤ 700 ብር! በዚያው ሰሞን ባሌስትራው ቅዳሜ ገበያ 650 ብር ነበር፤ ከወይራ እጀታው ጋር 800። እሱን ከገዛሁ ሁለት ክረምት አለፈ። ከዚያ ወዲህ አንድ ብር አላስወጣኝም፤ አልፎ አልፎ በሞረድ እስለዋለሁ፣ በቃ።

ታዲያ ባሌስትራ ነው ተብሎ ላሜራም ይሸጣል። እጀታ ሳይገባበት በፊት በገመድ አንጠልጥላችሁ በቁልፍ መታ አድርጉት። ባሌስትራ ይጮኻል፣ ድምፁም ይቆያል። ላሜራ ዷ ብሎ ይቀራል። ሞረድ ካላችሁ ስሉን ነካ አድርጉት፤ በደንብ የተሠራው ለሞረዱ በቀላሉ አይበገርም፣ ላሜራው እንደ ሳሙና ይፋቃል። ቀለም ከተቀባ እኔ አልፌው እሄዳለሁ። ጥሩ ቀጥቃጭ መዶሻው ያረፈበትን ቦታ የሚሸፍንበት ምክንያት የለውም። እጀታውን ባሕር ዛፍ እንዳታደርጉት፤ 50 ብር ይቀንሳል ግን ይሰነጠቃል።

ወደ መድኃኒቱ ልምጣ። በመተላለፊያዬ ዳር ሰርዶ አስቸግሮኝ «ሁሉን የሚያደርቅ» የተባለ መድኃኒት በሃይላንድ ተቀድቶ፣ ግማሽ ሊትሩን በ400 ብር ገዛሁ። የጀርባ መርጫ በ100 ብር ተከራየሁ። ከሰዓት በኋላ ረጨሁት። ከሰዓት ነፋሱ ከጣና ወደ እኛ እንደሚነፍስ አጥቼው አይደለም፤ ቸኩዬ ነው። በማግሥቱ የቲማቲሙ ቅጠል እንደ ቡጢ ተጨማዶ አገኘሁት። ሰርዶው? ምንም አልሆነም፤ እንዲያውም ለምልሟል። አንድ የግብርና ባለሙያ ጓደኛዬ አይቶ ሳቀ። «ግላይፎሴት መስሎህ ቱፎርዲ ነው የሸጡልህ» አለኝ። ግላይፎሴት ያገኘውን አረንጓዴ ሁሉ እስከ ሥሩ ያደርቃል። ቱፎርዲ ግን የሚገድለው ሰፊ ቅጠል ያለውን ነው፤ ገበሬው ስንዴና ጤፍ ላይ የሚረጨውም ለዚህ ነው። ቲማቲም ደግሞ ሽታውን እንኳ አይችልም። 500 ብሩን ተውት፤ አሥራ ሁለት ቲማቲም ሄደብኝ። ምልክት የሌለው ጠርሙስ ውስጥ ያለውን ማን ያውቃል? ቢታወቅም እንኳ፣ ልጆች ቆስጣ በሚቀጥፉበት ጓሮ እኔ አልረጭም።

ጉዝጓዝ፣ ማለት አፈሩን በጭድ ወይም በሣር መሸፈን፣ ጥሩ ነው፤ ግን የመኮትኮቻ ረዳት እንጂ ምትክ አይሆንም። ጭድ ገዝቼ ካሮት መሀል ጎዝጉዤ ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጤፍ ዘሪ ሆኜ አረፍኩት። አሁን የምጠቀመው ነፃውን ነው፤ በበዓል ማግሥት ከሳሎን የሚጠረገውን ቄጠማ። ከግንዱ አንድ ጣት አርቁት እንጂ ያበሰብሰዋል። «እምቦጭ አድርቄስ?» የሚሉኝ አሉ። እባካችሁ ከሐይቁ እያወጣችሁ ሰፈር ለሰፈር አታዙሩት፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ዓመታት ይቆያል። ጥቁር ላስቲክ ለበጋ ቃሪያ ይሆናል። በክረምት ዋልካ ላይ ግን ውኃ ያቁራል።

የምወደው መኮትኮቻም ቢሆን የሚሸነፍባቸው ሁለት አረሞች አሉ። ሰርዶን ስትቆራርጡት እያንዳንዱ አንጓ ሌላ ሰርዶ ይሆናል። እሱን በዶማ ገልብጦ ሥሩን በእጅ መልቀም ነው። ሁለተኛው እንግጫ ነው። ጎጃም ውስጥ ለአዲስ ዓመት ልጃገረዶች እየዘፈኑ ይነቅሉታል፤ እኔ ዓመቱን ሙሉ ሳልዘፍን እነቅለዋለሁ። ከሥር እንደ መቁጠሪያ የተያያዘ ፍሬ አለው፤ ላዩን ብትቆርጡት ከዚያ ያቆጠቁጣል። በየአሥር ቀኑ እየተመለሳችሁ ቁረጡት፤ እየቆየ ይደክማል።

ለቀረው አረም ሁሉ ግን ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ፣ ገና በሁለት ቅጠሉ ሳለ ላዩን ፋቅ ማድረግ ይበቃል። ከሰዓት ከኮተኮታችሁ ማታ ዝናቡ መልሶ ይተክለዋል። የቀን ሠራተኛ በ500 ብር ከመቅጠር በየጠዋቱ ሩብ ሰዓት ይሻላል።

ቅዳሜ ገበያ በጠዋት ሂዱ፤ ሰው ሳይበዛ አንጠልጥላችሁ ለመምታት ይመቻል። መጀመሪያ 900 ይሏችኋል። በጋ ላይ እጀታው ከላላ ሽብልቅ ለማስገባት ገንዘብ አታውጡ፤ ብረቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ባልዲ ውኃ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት እንጨቱ አብጦ ጥርቅም ብሎ ታገኙታላችሁ።