ዴቬዴኤስ፦ «ለማን» እና «ማንን» የሚለይ መዝገበ ቃላት

ጀርመንኛ የምትማሩ፣ በተለይ ለነርስነት አውስቢልዱንግ (የሙያ ሥልጠና) የምትዘጋጁ፣ ዴቬዴኤስ (DWDS) የሚባለውን የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት ብትይዙ ደስ ይለኛል። የሚያዘጋጀው የበርሊን-ብራንደንቡርግ የሳይንስ አካዳሚ ነው። በነጻ ነው፤ ቃል ለመፈለግ ምዝገባ የለውም። እኔ የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ነው፤ ገጹ ከስልኬ አይጠፋም።

ብዙዎቻችን ግሥ ስናጠና ትርጉሙን ብቻ ነው የምንይዘው። «ሄልፈን» መርዳት፣ «አንሩፈን» መደወል፣ በቃ። ጣጣው የሚመጣው ዓረፍተ ነገር ስንሠራ ነው። በአማርኛ ሰውን እንረዳለን፤ ለሰው እንደውላለን። ጀርመንኛ ግልብጥ ነው። እርዳታ የሚያገኘው ሰው ዳቲቭ («ለማን» የሚለው) ይሆናል፣ የሚደወልለት ደግሞ አኩዛቲቭ («ማንን» የሚለው)። በአማርኛ ስሜት ከሄድን ሁለቱንም እንስታለን።

እንግሊዝኛም አያድነንም። «ሄልፕ ሂም» ይላል፣ «ኮል ሂም» ይላል፤ ያው «ሂም» ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ለዳቲቭ «ሂም»፣ ለአኩዛቲቭ «ሂነ» ነበረ። በኋላ «ሂም» ሁለቱንም ጠቀለለ።

ዴቬዴኤስን የወደድኩት እዚህ ላይ ነው። ግሡን ስትከፍቱ አብሮት «ዬማንድ» የሚለው ቃል በምህጻረ ቃል ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ «አንድ ሰው» ማለት ነው። መጨረሻው ኤም ከሆነ ዳቲቭ፣ ኤን ከሆነ አኩዛቲቭ። ዓይናችሁ መጀመሪያ ይቺን ፊደል ይፈልግ። ትርጉሙ ከዚያ በኋላ ይደረስበታል።

ሁለት ተሳቢ የሚይዙት ግሦች ላይ ደግሞ ጥቅሙ ይጎላል። «ጌበን»፣ መስጠት፣ ሰውን በዳቲቭ፣ ነገሩን በአኩዛቲቭ ይወስዳል። «ኢሽ ጌበ ዴር ፓሲየንቲን ዲ ታብሌተ»፤ ለታካሚዋ ክኒኑን እሰጣታለሁ። «ዲ ፓሲየንቲን» የነበረችው «ዴር» የሆነችው ተቀባይ ስለሆነች ነው። ማሳየት፣ ማምጣት፣ ማስረዳትም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። እንግሊዝኛ ይህን ሥራ ለቅደም ተከተል ትቶታል። «አይ ጌቭ ዘ ማን ዘ ኪ» ውስጥ የሰውዬውንና የቁልፉን ቦታ ብትቀያይሩ ሰውዬው ለቁልፉ ተሰጠ ማለት ይሆናል። ጀርመንኛ ግን «ዴም ማን»ን (ለሰውዬው) ፊት ብታመጡትም ትርጉሙ አይፋለስም። እኛም «ለሰውዬው ቁልፉን» ወይም «ቁልፉን ለሰውዬው» ብንል ያው ነው።

«ሌረን»ን ከ«ባይብሪንገን» ጋር አስተያዩ። ሁለቱም ማስተማር ናቸው። «ባይብሪንገን» ሰውን በዳቲቭ ይወስዳል። «ሌረን» ግን ሰውንም ትምህርቱንም በአኩዛቲቭ ነው። ይሄኛው ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ «ልጁን ፊደል አስተማርኩት» እንላለንና። ጀርመኖቹ ራሳቸው በወሬ መሃል ከ«ሌረን» ጋር ዳቲቭ ሲያደርጉ ይሰማል። ፈተና ላይ ግን አኩዛቲቩን ጻፉ።

በሥራ ላይ ነገሩ ከሰዋስው ያልፋል። ጠዋት አንዲት አዛውንት ፊት ቆማችሁ «ኢሽ ቫሸ ዚ» ብትሉ አጥብዎታለሁ ማለታችሁ ነው። «ኢሽ ቫሸ ኢነን ዴን ሩከን» ካላችሁ ግን ጀርባዎን ላጥብልዎት ነው። ሴትየዋ ዳቲቭ፣ ጀርባዋ አኩዛቲቭ። «ላጥብልዎት» ውስጥ ያለችው «ል» የምትሠራውን ሥራ እዚያ «ኢነን» ይሠራዋል። ሰው ገላው ሊነካ ሲል ምን እንደሚደረግለት በትክክል ሊነገረው ይገባል። እኔ ይሄን እንደ ክብር ጉዳይ ነው የማየው።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ማብራሪያው ሁሉ በጀርመንኛ ስለሆነ ለአ1 (ለጀማሪ ደረጃ) ተማሪ ከባድ ነው። ቤ1 (መካከለኛ ደረጃ) አካባቢ ስትደርሱ ጀምሩት። ምሳሌዎቹ ከጋዜጣና ከሥነ ጽሑፍም ስለሚወሰዱ ረጃጅም አሉባቸው፤ እነሱን እለፏቸው። የቃላት ቅደም ተከተልም ከዚህ አይገኝም። ለምሳሌ ሁለቱም ተሳቢዎች ተውላጠ ስም ሲሆኑ አኩዛቲቩ ይቀድማል፤ «ኢሽ ጌበ ኤስ ኢም»፣ እሱን ለእሱ እሰጠዋለሁ። ለዚህ የሰዋስው መጽሐፍ አብሮ ያስፈልጋል።

የቃላት ካርድ የምትጽፉ ከሆነ «ሄልፈን» ብላችሁ አታቁሙ። «ዬማንደም ሄልፈን» ብላችሁ ጻፉ፣ «ዬማንደን አንሩፈን» ብላችሁ ጻፉ፤ ጮክ ብላችሁም እንደዚያው አጥኑት።